ሳጅን ሮክን በ30 ሴንቲ ሜትር፦ የኮሚክ ወታደር ምስል በእጅ አሠራር

ሳጅን ሮክ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካዊ እግረኛ ወታደር ነው፤ በእኛ የማዕረግ አጠራር ሃምሳ አለቃ። የተወለደው ግን በወረቀት ላይ ነው። ዲሲ ኮሚክስ ያሳትመው በነበረው «አወር አርሚ አት ዋር» በተባለው የሥዕል ታሪክ መጽሔት፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1959 በወጣው 83ኛ ቁጥር፣ በሮበርት ካኒገር ጽሑፍና በጆ ኩበርት ሥዕል። ካባ የለውም፣ አይበርም፣ ጥይትም አይመልስም። ያለው ያልተላጨ ጢም፣ ማሰሪያው ተፈትቶ የሚወዛወዝ የብረት ቆብ፣ የተቀደደ ሸሚዝና ትከሻውን የሚያጎብጥ ዝናር ነው። «ኢዚ» የተባለውን የሻምበል ጦር እየመራ ከሰሜን አፍሪካ እስከ አውሮፓ ይጓዛል፤ ደክሞትም ይሄዳል። በእጄ ቀርጬና አልብሼ ከሠራኋቸው ትንንሽ የሰው ምስሎች ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ስለዚህ የአሠራሩን መንገድ ከጀመርኩበት እስከ ጨረስኩበት እጽፍላችኋለሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልበል፤ የቀረው ሥራ ሁሉ የሚንጠለጠለው በዚህ ላይ ነውና። የምንሠራው በአንድ ስድስተኛ ልኬት ነው። 1 ሜትር ከ80 የሚሆን ሰው 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ርዝመት በ6 ሲካፈል ግን ክብደት የሚካፈለው በ216 ነው፤ 6 ጊዜ 6 ጊዜ 6። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በዚህ ሒሳብ 370 ግራም ብቻ ይቀረዋል። ጨርቁ፣ ክሩና ቆዳው ደግሞ ከሰውየው ጋር አብረው አልሳሱም፤ ግትርነታቸው እንዳለ ነው። ስለዚህ ትንሹ ወታደር ሲለብስ ሸሚዙ አይወርድለትም፣ ዝናሩ አይጫነውም፣ ቆቡ ተንሳፎ ይቀመጣል። ሮክን ሮክ ያደረገው የተሸከመው ነገር ከሆነ፣ የእኛ ሥራ መጠኑ ሲያንስ የጠፋውን ክብደት በእጅ መመለስ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ እያንዳንዱ ዘዴ ለዚህ የሚያገለግል ነው።

ሥዕሉና ፎቶግራፉ

አንድ ገጽ ምረጡ፤ አንድ ብቻ። ሮክ ለአሥርት ዓመታት ስለተሣለ ሸሚዙ፣ የእጅጌው ርዝመት፣ የማዕረግ ምልክቱና የትጥቁ አቀማመጥ ከገጽ ገጽ ይለያያል። ከአምስት ገጽ አምስት ነገር የሚለቅም ሰው በመጨረሻ ማንንም የማይመስል ወታደር ይሠራል። ሙሉ ቁመናው የሚታይበትን ሥዕል አግኙና ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር እስኪሞላ አሳድጋችሁ ፎቶ ኮፒ አስደርጉት። ከዚያ በኋላ ይህ ወረቀት መለኪያችሁ ነው፤ የሠራችሁትን ዕቃ ሁሉ እላዩ ላይ እያስተኛችሁ ታመሳክራላችሁ።

ከሥዕሉ ጎን እውነተኛ ፎቶግራፎች አስቀምጡ። ሥዕሉ ማንነቱን ይነግራችኋል፤ ጨርቅ እንዴት እንደሚታጠፍና መታጠቂያ የት ላይ እንደሚሰምጥ የሚነግራችሁ ግን ፎቶግራፍ ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የታጠቁት የአሜሪካ ትጥቅ ነበር፤ ራሳቸው ላይ የሚታየውም ሮክ የሚያደርገው ያው ኤም ዋን የተባለው የብረት ቆብ ነው። በየቤቱና በየመጽሐፉ ያሉትን የእነርሱን ፎቶግራፎች አጉልታችሁ ተመልከቱ። ቆቡ ግንባር ላይ ምን ያህል እንደሚወርድ፣ ኮዳ የተንጠለጠለበት የወገብ መታጠቂያ ከጎን እንዴት እንደሚዘነብል የተማርኩት ከእነርሱ ነው።

ለመነሻ የሚሆኑ ጥቂት ልኮች እነሆ። ጭንቅላት ከአገጭ እስከ አናት 3 ነጥብ 8 ሴንቲ ሜትር። የብረት ቆቡ ርዝመቱ 4 ነጥብ 7፣ ስፋቱ 4፣ ጥልቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ቶምሰን ንዑስ መትረየስ 13 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ። የእጅ ቦምብ ከነመቀጣጠያው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ። የሸሚዝ ቁልፍ 2 ሚሊ ሜትር። ሌላውን እውነተኛውን ልክ ለ6 እያካፈላችሁ ታገኙታላችሁ።

አካሉና አቋሙ

ይህን ልኬት በሰፊው ያስለመደው ሐዝብሮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው ጂ አይ ጆ የተባለ የወታደር አሻንጉሊት ነው። እንዲህ ያለው ባለ መገጣጠሚያ ምስል የሚጠራበት አክሽን ፊገር የሚለው ስም ራሱ የመጣው ያኔ ነው፤ ወንዶች ልጆች በአሻንጉሊት ይጫወታሉ እንዳይባል። ዛሬ በዚሁ ልኬት የተሠሩ፣ ልብስ የሌላቸው ባለ መገጣጠሚያ አካሎች ለብቻቸው ይሸጣሉ። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም የሆነውን ምረጡ። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነ መለዋወጫ እጆችም እንዲጨመሩበት ንገሩት፤ አንዱ እጅ ጠቋሚ ጣቱ ለቃታ የተዘረጋ መሆን አለበት። እጁ መሣሪያውን አላስገባ ካለ ሙቅ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ይለሰልስና ከያዘ በኋላ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

መገጣጠሚያው የላላ አካል ሸክም አይችልም። ግልጽ የጥፍር ቀለም አንድ ጠብታ መገጣጠሚያው ውስጥ አስገቡና እስኪደርቅ ድረስ ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሱት። ስስ ሽፋን ሠርቶ ያጠብቀዋል።

አሁን፣ ገና ልብስ ሳይለብስ፣ አቋሙን ወስኑ። ብዙ ሰው ይህን ለመጨረሻ ያቆየዋል፤ ስሕተት ነው፤ የጨርቁ እጥፋት የሚወጣው ከአቋሙ ነውና። ሰው ሲደክመው በሁለት እግሩ እኩል አይቆምም። ክብደቱን በአንድ እግር ላይ ጣሉት፤ በዚያ በኩል ዳሌው ከፍ፣ ትከሻው ዝቅ ይበል። የሌላውን እግር ጉልበት ትንሽ እጠፉት። ደረቱን ወደፊት አትግፉት፤ ሆዱ ላይ ጥቂት እንዲሰበር አድርጉ። ጭንቅላቱ ከትከሻው ፊት ይውጣ፣ ዓይኑ ግን ቀና ብሎ ይይ። ራሳችሁ ሃያ ሊትር ውኃ ጀሪካን በአንድ ትከሻ ተሸክማችሁ መስታወት ፊት ቁሙ፤ የምታዩትን ነው የምትሠሩት።

ፊቱ

ዝግጁ የሆነ ጭንቅላት ገዝቶ ማስተካከል ከባዶ ከመቅረጽ ይቀላል። መንጋጋው ሰፋ ያለ፣ መሐከለኛ ዕድሜ ያለው ፊት ፈልጉ። በላዩ ላይ የምትጨምሩት ባለ ሁለት ክፍል የኢፖክሲ ሊጥ ነው። ሁለቱን እኩል እኩል ወስዳችሁ፣ የላስቲክ ጓንት አድርጋችሁ፣ ቀለሙ አንድ እስኪሆን እሹት። ለሥራ የሚመቸው ለአንድ ሰዓት ያህል ነው፤ አንድ ቀን ካደረ ድንጋይ ይሆናል። መሣሪያችሁ ስቴኪኒ፣ ወፍራም መርፌና ትንሽ ውኃ ነው፤ ውኃው ሊጡ ከመሣሪያው ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ኩበርት ፊቱን የሠራው በጥቁር ቀለም ጥላ ነው። የቅንድቡ ሥር፣ ከአፍንጫ እስከ ከንፈር ጥግ የሚወርደው መስመር፣ ጉንጩ ላይ ያለው ስርጉድ፤ እነዚህ ሁሉ ጥቁር ናቸው። እኛ ጥቁሩን ቀለም ወደ ጥልቀት እንተረጉመዋለን። ሥዕሉ ላይ በወፍራሙ የጠቆረውን ቦታ በጥልቁ ቆፍሩ፣ በስሱ የተሠመረውን በስሱ ጫሩ። ለአገጩ ሊጥ ጨምሩበትና ጥጎቹን ጠፍጠፍ አድርጓቸው። ቅንድቡን ወፍራምና ዝቅ ያለ አድርጉት።

አናቱን ግን ለመቅረጽ አትድከሙ፤ ይልቁንም በሞረድ ቁረጡት። ቆብ የሚደረግለት ምስል ሁሉ ችግሩ ቆቡ ከፍ ብሎ መቀመጡ ነው፤ እንጉዳይ ያስመስለዋል። ከጭንቅላቱ አናት 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ብትቀንሱለት ቆቡ ግንባሩ ላይ ወርዶ ይጫናል። የጠፋው ክብደት አንዱ እዚህ ጋ ተመለሰ።

ለቀለሙ አክሪሊክ ተጠቀሙ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። አንድ ጊዜ ሳምንት ሙሉ የለፋሁበትን የለስላሳ ፕላስቲክ ጭንቅላት በዘይት ቀለም ቀባሁት፤ ከወራት በኋላም ጣት ሲነካው ይጣበቅ ነበር። እንዲህ ያለው ፕላስቲክ በውስጡ ያለው ማለስለሻ ከቀለሙ ጋር ስለሚዋሐድ አንዳንዱ የዘይት ቀለም ፈጽሞ አይደርቅበትም። በመጀመሪያ ጭንቅላቱን በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት፣ ስስ የመነሻ ቀለም ቀቡት፣ ቀጥሎ የቆዳውን ቀለም በሁለት ሦስት ስስ ንብርብር ስጡት። በውኃ በጣም የቀጠነ ቡናማ ቀለም በፊቱ ላይ አፍስሳችሁ ወዲያው በጨርቅ አንሡት፤ የቆፈራችሁት መስመር ውስጥ ብቻ ይቀራል። ነጩን ዓይን በንጹሕ ነጭ አትቀቡት፤ የተገረመ ያስመስለዋል። ትንሽ ቡናማና ግራጫ የነካካው ነጭ ይሁን። ላልተላጨው ጢም ሰማያዊ የነካው ግራጫ ቀለም አቅጥኑና በስፖንጅ ጫፍ፣ ቀለሙን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ካራገፋችሁ በኋላ፣ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ሲደርቅ ብርሃን የማይመልስ ቫርኒሽ ቀቡት፤ ዓይኑ ላይ ብቻ የሚያበራ አንድ ጠብታ።

የብረት ቆቡ

በዚህ ልኬት የተሠራ የብረት ቆብ በቀላሉ ይገኛል፤ ሥራው ላዩ ላይ ነው። እውነተኛው ኤም ዋን እንዳያንጸባርቅ ቀለሙ ላይ የተፈጨ ቡሽ ይነሰነስበት ስለነበር ሻካራ ነው። የወይን ጠርሙስ ቡሽ በጥሩ ሞረድ ሞርዱና በናይለን ካልሲ ንፉት፤ ከካልሲው የሚያልፈውን ብናኝ ብቻ እርጥብ ቀለም ላይ ነስንሱት። ከደረቀ በኋላ በጨለማ የወይራ አረንጓዴ ደግማችሁ ቀቡት። የቡና አተላ የሚሞክሩ አሉ፤ እርጥበት ካገኘ ስለሚሻግት አልመክርም።

ማሰሪያውስ ለምን ተፈትቶ ይንጠለጠላል? በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ወታደሮች ማሰሪያውን ከአገጫቸው በታች አይቆልፉትም ነበር። አጠገባቸው የሚፈነዳ ነገር ሞገዱ ቆቡን ሲይዘው አንገታቸውን እንዳይሰብረው ይፈሩ ስለነበር ነው። ሠዓሊው ይህን ከያዘ እኛም መያዝ አለብን። ማሰሪያውን ከ3 ሚሊ ሜትር የጥጥ ጥብጣብ ሥሩና በውስጡ የፀጉር ያህል ቀጭን የመዳብ ሽቦ በኮላ አጣብቁ። ሽቦው እንደፈለጋችሁ ያጎብጥላችኋል፤ ጫፉ ላይ ያለው መቆለፊያ ወደ ታች ይጎትተው። አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ትንሽ ወደ ኋላ ቢሆን ሰውየው አሁን የዞረ ይመስላል።

ሸሚዙ

እዚህ ላይ ቆየት እንበል።

ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጨርቅ ለእኛ ተራ ጨርቅ ነው። ለ30 ሴንቲ ሜትር ሰው ግን 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ምንጣፍ እንደመልበስ። የመጀመሪያ ምስሌን ሸሚዝ ከእውነተኛ የወታደር ሱፍ ሰፋሁለት። ቀለሙም ጨርቁም ልክ ነበሩ፤ ሲለብሰው ግን ክንዱ ወደ ጎን ተገትሮ ቀረ፤ ጋቢ የደረበ ሰው መሰለ። እውነተኛው ጨርቅ በትንሹ ሰው ላይ ሐሰት ይሆናል።

የሚሻለው ብዙ ጊዜ ታጥቦ የሳሳ የወንድ ሸሚዝ፣ አሮጌ መሐረብ ወይም ጥሩ ስስ አቡጀዲ ነው። መፈተኛውም ይኸውላችሁ፦ በአራቱም ጎን 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ጣታችሁ ጫፍ ላይ ስቀሉት። አራቱ ጥጎች ወደ ጣታችሁ ተጠግተው ከወረዱ ጨርቁ ይሆናል። እንደ ጃንጥላ ከተዘረጉ አይሆንም፤ ሌላ ፈልጉ።

ለቅዱ ደግሞ አካሉን በስስ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ሸፍኑት፣ በላዩ ወረቀት ፕላስተር ለጥፉበት፣ ስፌቱ የሚያልፍበትን መስመር በእስክሪብቶ ሣሉ፤ በትከሻው፣ በጎኑ፣ በብብቱ ዙሪያ። በመስመሩ ላይ በምላጭ ቆርጣችሁ ስታነሡት ጠፍጣፋ ቅድ ይሆናል። ዙሪያውን 4 ሚሊ ሜትር ለስፌት ጨምሩ፣ ለመላላት ደግሞ በወርድ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ጨርቁን ከመቁረጣችሁ በፊት የመስመሩን ዙሪያ በውኃ የቀጠነ የእንጨት ነጭ ኮላ ቀቡት፤ ሲደርቅ ክሩ አይተረተርም። ስፌቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ተኩል አይርዘም። እጅጌውን ከጎኑ በፊት ስፉት፤ ጨርቁ ገና ጠፍጣፋ ሳለ ይቀላል። ቁልፎቹን ከስስ ፕላስቲክ ካርድ በቆዳ መብሻ አውጥታችሁ በሱፐር ግሉ ለጥፉ፤ እውነተኛ የቁልፍ ቀዳዳ አትሥሩ፣ ከላዩ ያብጣል። የተከፈተውን ደረት እንደ ሥዕሉ ተዉት፣ የቀረውን በክር ዝጉት። የማዕረግ ምልክቱንም የመረጣችሁትን ገጽ ተከትላችሁ በስስ ጨርቅ ላይ በቀለም ሥሩ፤ መጥለፍ ያወፍረዋል።

አዲስ አረንጓዴ ጨርቅ የበረሃና የጭቃ ጨርቅ አይመስልም። ግማሽ ሊትር የፈላ ውኃ ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሻይ ቅጠል ጨምሩ፣ አጥልሉ፣ ሸሚዙን ለሃያ ደቂቃ ዘፍዝፉት። ሻዩ አረንጓዴውን ገድሎ ከአፈር ያስማማዋል። ቅዳዱን በመቀስ አትሥሩት፤ የመቀስ ቅዳድ ከሩቅ ይታወቃል። በምላጭ ጥቂት ጫሩና በጣታችሁ ተርትሩት፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት አስነኩት። ጨርቅ የሚያልቀው ክርን ላይ፣ የኪስ አፍ ላይ፣ የእጅጌ ጠርዝ ላይ ነው። ጀርባ መሐል ላይ የተቀደደ ሸሚዝ ምክንያት ይጠየቃል።

አሁን ክብደቱን እንመልስ። አካሉ በወሰናችሁለት አቋም ይቁም፤ መገጣጠሚያዎቹን በስስ ላስቲክ ጠቅልሉና ሸሚዙን አልብሱት። አንድ ማንኪያ ነጭ ኮላ ከአሥር ማንኪያ ውኃ ጋር በጥብጣችሁ ሸሚዙን በብሩሽ አርጥቡት። ከዚያ በስቴኪኒ እጥፋቱን ሥሩ። ከትከሻ ወደ ታች ሁለት ሦስት ረዣዥም እጥፋት፣ ከክርኑ ውስጥ አጫጭርና የተጨማደዱ፣ ከመታጠቂያው በላይ ደግሞ ጨርቁ ተከምሮ ትንሽ ይንጠልጠል። ዝናሩ የሚያልፍበትን መስመር በክር ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ሲደርቅ ጨርቁ እዚያ ላይ እንደሰመጠ ይቀራል። ጠርዙ ወደ ላይ ከተነሣ በመርፌ ወግታችሁ ወደ ታች ያዙት። አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ክሩን ፍቱ። እጥፋት አታብዙ፤ የተመለከታችሁት ፎቶግራፍ ላይ ያለውን ያህል ይበቃል።

ሱሪው በዚሁ መንገድ ይሠራል። ከጉልበት በታች የሸራ ገምባሌ ካለው ሱሪው ገምባሌው አፍ ላይ እንዲከመር አድርጉ። ጫማውን ዝግጁ መግዛት ይሻላል።

ዝናሩ

ለዚህ ሰው ትልቁ ዕቃ ይህ ነው። ወታደራዊ ዕውቀት ያለው አንባቢ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ሮክ የያዘው ቶምሰን የሚተኩሰው ካሊበር 45 የሽጉጥ ጥይት ነው፤ ትከሻው ላይ የሚያጠላልፈው ዝናር ግን የካሊበር 50 ከባድ መትረየስ ነው፤ አይገጥምም። እውነት ነው፣ አይገጥምም። እባካችሁ እንዳታርሙት። የሌላውን ሰው መትረየስ ጥይት የሚሸከም አለቃ ማለት ሮክ ነው። እውነተኛው ዝናር ሁለት ዙር ቢሆን ከ16 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሠዓሊው ትከሻውን ያጎበጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

የአንዱ ጥይት ሙሉ ርዝመት 138 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለእኛ 23 ሚሊ ሜትር። የቀለሁ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። ለሥጋ መጥበሻ የሚያገለግለው የቀርከሃ ስንጥር ልኩ ነው ማለት ይቻላል። ለአንድ ዙር 70፣ ለሁለት ዙር 140 ያስፈልጋችኋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. እንጨት ላይ 23 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ብሱ። ስንጥሩን እያስገባችሁ በቀዳዳው አፍ ላይ በትንሽ መጋዝ ቁረጡ፤ ሁሉም እኩል ይወጣል።

2. ከግርጌው 13 ሚሊ ሜትር ያህሉን እንዳለ ተዉት። ከዚያ በላይ ያለውን በሞረድ ወደ 2 ነጥብ 4 ሚሊ ሜትር አቅጥኑት፤ ይህ የቀለሁ አንገት ነው። የመጨረሻውን 6 ሚሊ ሜትር ተኩል እንደ እርሳስ ጫፍ አሹሉት። በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አፍ አስይዛችሁ እያዞራችሁ በብርጭቆ ወረቀት ብትይዙት ሥራው በሦስት እጥፍ ይፈጥናል። መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፤ የቀርከሃ ብናኝ ይወጋል።

3. የእንጨቱ መስመር እንዳይታይ አንዴ ቫርኒሽ ቀብታችሁ አለስልሱት። ቀለሁን የነሐስ፣ ጫፉን የመዳብ ቀለም ቀቡ። በላዩ ቀጭን ቡናማ አፍስሱና ጥረጉ፤ አዲስ ጥይት ጌጥ ይመስላል።

4. 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር የጥጥ ጥብጣብ ላይ፣ ከመሐል እስከ መሐል 4 ሚሊ ሜትር እያራቃችሁ ደርድሯቸው። ሱፐር ግሉ ይይዛቸዋል። ማያያዣውን ብረት ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ በመቀስ ቀጫጭን አድርጋችሁ ቆርጣችሁ፣ ጥቁር ቀብታችሁ፣ በየጥይቱ ላይ እጠፉት።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ዝናሩ ገና 20 ግራም ገደማ ነው፤ ሲሰቅሉት እንደ ወረቀት አበባ ይቆማል። ስለዚህ ከጥብጣቡ ጀርባ፣ በግራና በቀኝ ጠርዙ፣ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች የሚያቀልጡትን 1 ሚሊ ሜትር የቆርቆሮ ሽቦ በመላው ርዝመቱ ስፉበት፤ እርሳስ የሌለበትን ዓይነት ምረጡ። ይህ ሽቦ ሁለት ነገር ያደርጋል። ዝናሩን ከባድ ያደርገዋል፤ በጣት ሲጫኑትም ጎብጦ ይቀራል፣ ተመልሶ አይነጥርም። ትከሻው ላይ አድርጋችሁ በአውራ ጣታችሁ ወደ ታች ጫኑት፤ አጥንቱን ተከትሎ ሲተኛ ይሰማችኋል። ሸሚዙ ላይ በክር ያሰመጣችሁት መስመር እዚህ ጋ ይጠብቀዋል። እኔ ይህን ባደረግኩበት ምሽት ምስሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሰለኝ።

መሣሪያውና ትጥቁ

ቶምሰኑን ዝግጁ ግዙና ቀለሙን ብቻ ሥሩ። ኤም 1 ኤ 1 የተባለው ዓይነት የሚጎርሰው ቀጥ ያለ ባለ 20 ወይም ባለ 30 የጥይት ካዝና ነው፤ ክቡን የከበሮ ካዝና አይቀበልም፤ ሁለቱን አታደባልቁ። ብረቱን ብርሃን በማይመልስ ጥቁር ቀቡት፤ ሲደርቅ የለስላሳ መጻፊያ እርሳስ ብናኝ በጣታችሁ ጠርዝ ጠርዙን እሹበት። ፕላስቲኩ ብረት ሲሆን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ማንገቻው 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በተቻለ መጠን የተፋቀ ስስ ቆዳ ይሁን፤ ከጫማ ሠሪ ዘንድ የሚጣል ቁራጭ ይበቃል። በኮዳው ውስጥ ትንሽ የዓሣ መንጠቆ ክብደት ክተቱ፤ መታጠቂያውን ወደ ታች ይጎትተዋል።

አቧራው

የት እንደተዋጋ ወስኑ። የሰሜን አፍሪካ አቧራ ቢጫ የነካው ነው፣ የኖርማንዲ ጭቃ ጥቁር ቡናማ። የደረቀ የቀለም ጠመኔ በምላጭ ፍቃችሁ በብሩሽ አራግፉበት። ከጫማው ይጀምርና እስከ ጉልበት እየሳሳ ይውጣ፤ ጉልበቱ፣ ክርኑና መቀመጫው ላይ ይድገም፤ ሰው ሲተኛና ሲንበረከክ መሬት የሚነኩት እነዚህ ናቸውና። ለጭቃው ጠመኔውን ከኮላ ጋር ለውሱና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ወደ ገምባሌው ርጩት። ፊቱ ላይ ጥቂት፣ ቆቡ ጠርዝ ሥር ጥቂት። የእጁ አንጓና የጣቱ መታጠፊያ ላይ ጥቁር እድፍ አትርሱ፤ መሣሪያ የያዘ እጅ ንጹሕ አይሆንም።

ሲያልቅ ከጠረጴዛ ላይ አንሡትና በዓይናችሁ ትክክል ባለ መደርደሪያ ላይ አቁሙት፤ ከላይ ወደ ታች የሚታይ ምስል ሁልጊዜ አሻንጉሊት ነው። የጣሪያውን መብራት አጥፍታችሁ አንድ መብራት ብቻ ከላይ ከግራ አብሩበት። የቆቡ ጥላ ዓይኑን ሸፍኖ አገጩ ብርሃን ላይ እስኪወጣ ድረስ አንገቱን በትንሽ በትንሹ ወደ ፊት አዘንብሉት።